ትኬቱን የሸጠው መርከቡ ነው፣ ጀልባው ግን የሌላ ሰው ነው

በክሩዝ መርከብ የተጓዘ ሰው የወደብ ጉብኝትን ያውቀዋል። መርከቡ ጠዋት ወደብ ላይ ይቆማል። መንገደኛው ይወርድና አንዱ የጥንት ፍርስራሽ ሊያይ፣ አንዱ ሊዋኝ፣ ሌላው በትንሽ አውሮፕላን ተራራ ለተራራ ሊዞር ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ተመልሶ ይሳፈራል። የጉብኝቱ ትኬት የሚሸጠው እዚያው መርከቡ ላይ ነው። ሂሳቡም ከካቢን ሂሳብ ጋር ይደመራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጉብኝቱንም የሚያካሂደው መርከቡ ይመስለዋል።

በሕግ ፊት ግን እንዲህ አይደለም። ጀልባውን የሚነዳው፣ አውቶብሱን የሚያሽከረክረው፣ አስጎብኚውን የቀጠረው ሌላ ድርጅት ነው። የጉዞ ውሉን ከፍታችሁ ብታነቡ ይህ ድርጅት "ራሱን የቻለ ተቋራጭ" ተብሎ ታገኙታላችሁ። እሱ ለሚያደርሰው ጉዳት የመርከብ ኩባንያው ተጠያቂ እንደማይሆንም እዚያው ተጽፏል። እኔ ይህንን በደንብ የተረዳሁት ታላቅ እህቴ በእንዲህ ዓይነት ጉብኝት ላይ አከርካሪዋ ተሰብሮ፣ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት ስከታተል ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረን ኖሮ ብዙ ጭንቀት ይቀርልን ነበር። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ጉዟችን ከፍሎሪዳ ተነስቶ ካሪቢያንን የሚያዳርስ ነበር። ከመርከቡ የጉብኝት ዴስክ በፈጣን ጀልባ ወደ ኮራል ሪፍ የሚወስድ ጉብኝት ገዛን። ማስታወቂያው የመርከብ ኩባንያውን ዓርማ ይዟል። "ቀላል" ከሚባሉት ጉብኝቶች ተራ ነው የተመደበው። ወደቡ ላይ የተቀበለን ልጅም የመርከቡ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ ነበር። ጀልባው ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ታደለን። ማዕበል ሲመጣ እንዴት እንደምንይዝ ወይም የት መቀመጥ እንደሚሻል ግን የነገረን አልነበረም። እህቴ ከፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ደረሳት።

ስንመለስ ነፋስ ተነሳ። ነጂው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ጀልባው አንድ ትልቅ ማዕበል ላይ ወጣና ወረደ። እህቴ ከወንበሯ ተነስታ በመቀመጫዋ ወደቀች። ጮኸች፣ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ነጂው ዞር ብሎ አየና "ጡንቻ ነው፣ ያልፋል" አለ።

አላለፈም። ከወገቧ በላይ ካሉት አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቆ ነበር። ይህ ጉዳት በፈጣን ጀልባ ላይ የታወቀ ነው። ጀልባው ማዕበል ሲመታ በጣም የሚነሳውና በጣም የሚወርደው የፊቱ ክፍል ነው። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ እግሩ ግጭቱን አያበርድለትም። ጉልበቱ ሁሉ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ይሄዳል። በ2008 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በብሪታንያ ብሪስቶል ቻናል ላይ ለመዝናናት በፈጣን ጀልባ የተሳፈረች ሴት በዚሁ መንገድ አከርካሪዋ ተሰብሮ፣ የአገሪቱ የባሕር አደጋ መርማሪ ክፍል ሪፖርት አውጥቶበታል። ስለዚህ ማንም ሊያውቀው የማይችል ነገር አልነበረም። እናንተም በፈጣን ጀልባ ከሄዳችሁ ወደ ኋላ ተቀመጡ። የጀርባ ችግር ያለበት፣ አጥንቱ የሳሳ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ባትሳፈር ይሻላል።

ወደ መርከቡ እንደተመለስን በቀጥታ ወደ መርከቡ ሕክምና ክፍል ሄድን። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጉዳዩን በኋላ ያቆመው በእነዚያ ሰዓታት የተሠራው ነው።

የመርከብ ሕክምና ነፃ አይደለም። እያንዳንዱ ምርመራ ከካቢን ሂሳብ ላይ ይጻፋል። ብዙ ሰው ይህንን ፈርቶ "ቤቴ ስደርስ እታያለሁ" ይላል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ጉዳቱ በዚያ ቀን፣ በዚያ ጀልባ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጥ ከዚያ የተሻለ ወረቀት የለም። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ኤክስሬይ "ምናልባት ቤቷ ወድቃ ይሆናል" የሚል ጥያቄ ይጋብዛል። እህቴ እዚያው ተመረመረች፣ ኤክስሬይ ተነሳች፣ ሐኪሙ የጠረጠረውን ጻፈ። ከመውረዳችን በፊት የሕክምና መዝገቡን ሙሉ ቅጂ ጠየቅን። ሰጡን።

ቀጥሎ ከእንግዳ አገልግሎት ክፍል አንድ ፎርም መጣ። የጉዳት መግለጫ ነው። መሙላት ተገቢ ነው፣ አደጋው መመዝገብ አለበት። ነገር ግን ከጥያቄዎቹ አንዱ "አደጋውን ለመከላከል ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?" የሚል ነበር። በሥቃይ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ እንደ እህቴ ትሁት የሆነ ሰው፣ "ጠበቅ አድርጌ መያዝ ነበረብኝ" ብሎ ይጽፋል። ያቺ አንዲት መስመር በኋላ በፍርድ ቤት ትነበባለች። እህቴ የሆነውን ብቻ ጻፈች። ሰዓቱን፣ የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ማንም መመሪያ አለመስጠቱን፣ ነጂው ፍጥነት አለመቀነሱን። ያንን ጥያቄ ባዶ ተወችው። በእጅ የተጻፈውን ከመመለሳችን በፊት ፎቶ አነሳነው።

እኔ ጀልባው ላይ እያለን አግዳሚውን ወንበር ፎቶ አንስቼ ነበር። መያዣ እንዳልነበረው በፎቶው ይታያል። የጀልባውን ስምና የምዝገባ ቁጥሩንም አነሳሁ። ከአጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ ባልና ሚስት ስልካቸውን ሰጡን። እነሱ የሰጡት ምስክርነት ወሳኝ ነበር። መንገደኛ በየአገሩ ይበተናል። መርከቡ ላይ ያላገኛችሁትን ምስክር በኋላ አታገኙትም። ትኬቱን፣ ማስታወቂያውን፣ ደረሰኙን፣ የጀልባው ሠራተኛ ያስፈረመንን ወረቀት ሁሉ አስቀመጥን። የጉብኝቱን መግለጫ ከመርከቡ አፕ ላይ ስክሪንሾት አድርጌ ያዝኩት። እነዚህ ገጾች ይቀየራሉ።

ቤት ከገባን በኋላ የባሕር ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ፈለግን። ማንኛውም የመኪና አደጋ ጠበቃ ይህንን አይችልም፤ ምክንያቱ ጊዜው ነው። በአሜሪካ የባሕር ሕግ ለአካል ጉዳት የሚሠራው መደበኛ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ 3 ዓመት ነው። ከአሜሪካ ወደብ ለሚነሱ መርከቦች ግን ሕጉ ኩባንያው በውል እንዲያሳጥረው ይፈቅድለታል። ጉዳቱን ለኩባንያው ለማሳወቅ ከ6 ወር፣ ክስ ለመመስረት ከ1 ዓመት በታች ማድረግ ብቻ ነው የተከለከለው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ እስከሚፈቀድላቸው ድረስ አሳጥረውታል። ስለዚህ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ1 ዓመት ውስጥ መክሰስ። ሕክምና ላይ እያላችሁ፣ ከኩባንያው ጋር በኢሜይል እየተመላለሳችሁ ዓመቱ ካለፈ አለቀ። ኢሜይል መጻጻፍ ቀኑን አያቆመውም።

የት እንደምትከሱም ውሉ ይወስናል። ብዙዎቹ ሚያሚ ያለውን የፌደራል ፍርድ ቤት ይጽፋሉ። "እኔ ሌላ ከተማ ነው የምኖረው፣ ይህ ፍትሐዊ አይደለም" ማለት አያዋጣም። በ1991 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርኒቫል በተባለው የመርከብ ኩባንያና ሹት በተባለች መንገደኛ ክርክር እንዲህ ያለው የውል አንቀጽ እንደሚጸና ወስኗል። ከሳሿ የዋሽንግተን ግዛት ነዋሪ ነበረች፤ ትኬቱ ላይ ፍሎሪዳ ተብሎ ስለተጻፈ ፍሎሪዳ ሄዳ እንድትከስ ሆነ።

ከኩባንያው የመጀመሪያው መልስ ስንጠብቀው የነበረው ነው። አዘኔታ፣ ቀጥሎ "አስጎብኚው ራሱን የቻለ ተቋራጭ ስለሆነ ኃላፊነቱ የእኛ አይደለም"። እህቴ ደብዳቤውን አንብባ አለቀሰች፣ ነገሩ ያበቃ መስሏት። ጠበቃዋ ግን ይህ የክርክር መነሻ እንጂ መዝጊያ እንዳልሆነ አስረዳችን። መንገዶች አሉ።

አንደኛው የማስጠንቀቅ ግዴታ ነው። በ2010 ካሪቢያን ውስጥ ባለችው ሴንት ቶማስ ደሴት አንዲት ታዳጊ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ከባሕር ዳርቻ ስትመለስ በወሮበሎች ተኩስ መሃል ገብታ ተገደለች። ቤተሰቡ የመጣበት መርከብ የካርኒቫል ነበር። በ2012 የ11ኛው ወረዳ የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የመርከብ ኩባንያ መንገደኛው እንዲሄድ በሚጋበዝበት ወይም ይሄዳል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ያለውን የሚያውቀውን አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሎ የቤተሰቡ ክስ እንዲቀጥል ፈቀደ። የመርከቡ ግዴታ መሰላሉ ላይ አያበቃም ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር ኩባንያው አደጋውን ያውቅ እንደነበር ወይም ማወቅ ይገባው እንደነበር ማስረዳት ነው።

እኛም የለፋነው እዚያ ላይ ነው። ያንን ጉብኝት ቀደም ብለው የወሰዱ መንገደኞች በኢንተርኔት የጻፉትን ሪቪው አንድ በአንድ አነበብኩ። ስለ ጀልባው ዝላይ፣ ስለ ጀርባ ሕመም ቅሬታ ያቀረቡ ነበሩ። አንዲቱ "ለመርከቡ ዴስክ ነግሬያቸዋለሁ" ብላ ጽፋለች። ጠበቃዋ በዚህ ላይ ተመርኩዛ ኩባንያው የቀድሞ ቅሬታዎችን እንዲያቀርብ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የደብዳቤዎቹ ቃና ተቀየረ።

ሌሎቹን መንገዶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ኩባንያው አስጎብኚውን ሲመርጥ በቂ ጥንቃቄ አለማድረጉ አንድ ክርክር ነው። ዓርማው፣ ሰሌዳው፣ ክፍያው ሁሉ የመርከቡ ስለነበረ መንገደኛው አስጎብኚውን የመርከቡ ወኪል አድርጎ ማመኑ ተገቢ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ማስታወቂያውን ያስቀመጥነው ለዚህ ጠቀመን። አስጎብኚውን ራሱን መክሰስም አለ። መርከብ ኩባንያዎች አብሯቸው የሚሠራ አስጎብኚ የተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንዲኖረው ብዙውን ጊዜ በውል ያስገድዳሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎዳና ላይ ያገኛችሁት ጀልባ ነጂ ቢፈረድበትም የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ሰዎች "ከመርከቡ ልግዛ ወይስ ራሴ ልፈልግ?" ሲሉኝ፣ ውሃ፣ አየር ወይም ረጅም የመኪና መንገድ ካለበት ከመርከቡ ግዙ እላለሁ። መርከቡ ኃላፊነቱን ስለሚቀበል አይደለም፣ አይቀበልም። ግን አስጎብኚው ኢንሹራንስ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። ደግሞም ጉብኝቱ ቢዘገይ መርከቡ ወይ ይጠብቃችኋል ወይ ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳችኋል። በግላችሁ ከሄዳችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል። በ2024 በግል ጉብኝት ወጥተው የዘገዩ መንገደኞች ሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ ቀርተው መርከባቸውን በየአገሩ ሲከተሉ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። በእግር የሚኬድ የከተማ ጉብኝት ከሆነ ግን በግል መሄዱ ምንም አይደለም።

ከመርከቡ መግዛት ደኅንነትን ያረጋግጣል ብላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ። በታኅሣሥ 9 ቀን 2019 ኒው ዚላንድ ውስጥ ዋካሪ ወይም ዋይት አይላንድ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደሴቲቱ ላይ 47 ሰዎች ነበሩ። 22 ሞቱ። ከ47ቱ 38ቱ ኦቬሽን ኦፍ ዘ ሲስ ከተባለው መርከብ የወረዱ ናቸው። የእሳተ ገሞራው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ኅዳር 18 ወደ 2 ከፍ ብሎ ነበር። ጉብኝቱ ግን ቀጠለ። በመርከቡና በደሴቲቱ መሃል ሌሎች ድርጅቶች ነበሩ፣ ትኬት አገናኝ፣ ጀልባ ባለቤት፣ የመሬቱ ባለቤት። የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ 13 አካላትን ከሰሰ። ከተከሳሾቹ ውስጥ የመርከብ ኩባንያው አልነበረም። በኒው ዚላንድ ሕግ ደግሞ በአደጋ የተጎዳ ሰው ካሳ የሚያገኘው ከመንግሥት የአደጋ ካሳ ሥርዓት ነው፤ ጉዳት አድራሹን ለአካል ጉዳት ካሳ መክሰስ በአብዛኛው አይቻልም። ስለዚህ ከተጎጂዎቹ አንዳንዶቹ ኩባንያውን ለመክሰስ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ፍርድ ቤቶች ነው የሄዱት። ያንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሰበራል። አንድ ሰው ጠዋት ቁርሱን በልቶ "እሳተ ገሞራ ላይ" የሚል ትኬት ይዞ ሲወርድ፣ ደረጃው ከፍ ማለቱን በግልጽ ቋንቋ ሊነገረው ይገባ ነበር።

የአላስካውም አለ። በሰኔ 2015 ኬቺካን አካባቢ ሆላንድ አሜሪካ ላይን በተባለው የመርከብ ኩባንያ በኩል የተሸጠ የአየር ጉብኝት ላይ የነበረ ትንሽ አውሮፕላን ከተራራ ጋር ተጋጭቶ 8 መንገደኞችና አብራሪው ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አብራሪው አየሩ እየከፋ እያለ መቀጠሉን፣ አስጎብኚው ኩባንያም በመጥፎ አየር መብረርን በዝምታ ይደግፍ እንደነበር ገልጿል። የውድድር ጫናም ተጠቅሷል። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። መርከቡ የሚነሳበት ሰዓት ሲቃረብ ሁሉም ይቸኩላል። አየሩ ከተበላሸ "ይቅርብኝ" ማለት ትችላላችሁ። አስጎብኚው ራሱ ከሰረዘው ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ ባይመለስም ይቅር።

በታኅሣሥ 2017 ሜክሲኮ ማሃዋል አጠገብ የመርከብ መንገደኞችን ወደ ቻቾበን ፍርስራሽ ይወስድ የነበረ አውቶብስ ተገልብጦ 12 ሰዎች ሞተዋል። ተራ የመኪና መንገድ ነው፤ ማንም እንደ አደገኛ ጉብኝት አይቆጥረውም። እኔ አውቶብስ ላይ ስወጣ አሁን የመጀመሪያ ሥራዬ ቀበቶ መፈለግ ነው። ቀበቶ ያለበት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

አውሮፓ ውስጥ ለምትገዙ ሕጉ ትንሽ ይለያል። መርከቡ ላይ እያላችሁ ለሚደርስ ጉዳት የአቴንስ ስምምነት አለ፤ ይርጋው 2 ዓመት ነው። ግን እሱ የሚሸፍነው የባሕሩን ጉዞና መሳፈር መውረዱን ነው፣ የብስ ላይ ያለውን ጉብኝት አይደለም። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ መመሪያ አለ፣ የ2015ቱ። በእሱ መሠረት ጥቅሉን ያዘጋጀው ድርጅት በጥቅሉ ውስጥ ላሉት አገልግሎቶች፣ ሌላ ሰው ቢያከናውናቸውም፣ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ጉብኝቱን ከክሩዙ ጋር አንድ ላይ፣ በአንድ ውል ስትገዙ ከለላችሁ ይጠነክራል። መርከቡ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ለብቻ የገዛችሁት ግን ከጥቅሉ ውጭ ነው ተብሎ ሊከራከሩበት ይችላሉ። አውሮፓ ላላችሁ ቀድሞ መግዛት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ስለሚያስፈርሙት ወረቀትም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። "ፈርሜያለሁ፣ እንግዲህ መብት የለኝም" ብላችሁ አትተዉት። ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ መርከብ ባለቤት ለራሱ ቸልተኝነት ተጠያቂነቱን በውል መሰረዝ በሕግ ተከልክሏል። በ2011 መርከብ ላይ ባለ የሰርፊንግ ገንዳ የተጎዳች መንገደኛ የፈረመችው ወረቀት በዚህ ሕግ ምክንያት ዋጋ አጥቷል። የብስ ላይ ያለ አስጎብኚ ያስፈረማችሁ ግን በአገሩ ሕግ ነው የሚታየው። ወረቀቱን ለጠበቃ አሳዩት፣ ራሳችሁ አትፍረዱ።

የእህቴ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በስምምነት አለቀ። ስለ ገንዘቡ ላለመናገር ተስማምታለች። ሕክምናዋን ሸፍኖላታል። አሁን ትራመዳለች፣ ትሠራለች፤ ከባድ ነገር ግን አታነሳም፣ ብዙ ሰዓት መቀመጥም ይከብዳታል።

የጉብኝት ዴስክ ጋ ስሄድ አሁን የምጠይቀው ግልጽ ነው። አስጎብኚው ድርጅት ስሙ ማን ይባላል? ጀልባው ምን ዓይነት ነው፣ ወንበሩስ? ባሕሩ ከተናወጠ ማን ነው የሚሰርዘው? ስሙን ካገኘሁ ሪቪው አነባለሁ፣ ዝቅተኛ ኮከብ ያላቸውን ቀድሜ። መልስ የሌለው ዴስክ ካጋጠመኝ አልገዛም።

ኢንሹራንስ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይገዛ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ከአገር ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም። ሌሎች የጤና ኢንሹራንሶችም ድንበር ላይ ይቆማሉ። ትንሽ ደሴት ላይ አከርካሪ የሚቀጥል ሆስፒታል ላይኖር ይችላል፤ በሕክምና አውሮፕላን መውጣት ደግሞ ቤት የሚያሸጥ ወጪ አለው። ስለዚህ የሕክምና ማጓጓዣ ያለበትን ምረጡ። የማይሸፍናቸውን ነገሮች ዝርዝር አንብቡ፤ ስኩተር፣ ዳይቪንግ፣ ዚፕላይን ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አሉ። የኢንሹራንሱን የድንገተኛ ስልክና የመርከቡን የወደብ ኤጀንት (ወደቡ ላይ ያለ ወኪሉን) ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ውሃ በማያስገባ ነገር ያዙ። ጀልባ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ስልክ ነው።